ልጅን መኪና ላይ ስለመያዝ
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለዚያ ወንበር አንድ ነገር ንገሪን» ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። የትኛው ወንበር እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከውጭ አገር በተላከልን ካርቶን ውስጥ ከልጆች ልብስና ከጫማ ጋር ሦስት የፕላስቲክ መቀመጫዎች መጥተው ነበር። አንደኛው እዚሁ ቢሮ ውስጥ ለሕፃናት ገንፎ ማብሊያ ሆነ። ሁለተኛው መጋዘን ገብቶ የገብስ ጆንያ ተጭኖበታል። ሦስተኛውን አንዲት እህታችን ወስዳ ደጅ እያስቀመጠች ልጇን ፀሐይ ታሞቅበታለች። ማንም አጥፍቷል አልልም። ምን እንደሆነ ያስረዳን ሰው አልነበረም፤ እኔም ዕቃውን እያወቅሁት ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩት ምን ያደርጋል ብዬ ነው፤ ከመካከላችን መኪና ያላት ማን ናት?

ዕቃው የተሠራው ለመኪና ነው። መኪና ሲጋጭ ወይም በድንገት ሲቆም ልጅ እንዳይወረወር አስሮ የሚይዝ ነው። እኔ ያወቅሁት አቡዳቢ ሰው ቤት ስሠራ ነው። አራት ዓመት ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። እዚያ አገር በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የጸና ሕግ ነበር፤ አራት ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ያለዚህ መቀመጫ መኪና ላይ ከተገኘ ቅጣቱ 400 ድርሃም ነበር። እመቤቲቱ ዘለበቱ «ጠቅ» ሳይል መኪናውን አታስነሳም። ትንሹ ልጅ ያለቅሳል፣ ይወራጫል፣ እኔ ላብ በላብ ሆኜ አስረዋለሁ። ገበያው በእግር የሚደረስ ቢሆንም ያው ነው። በሆዴ «እነዚህ ሰዎች ልጃቸውን እንደ ዕቃ ያስሩታል» እያልኩ እታዘብ ነበር።

አገሬ ገብቼ የራሴን ልጅ ወለድኩ። ሰባት ወር ሲሆነው ታመመና ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መሄድ ግድ ሆነ። ከሞላሌ መነሃሪያ ሚኒባስ ተሳፈርን። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ ልጄን በባና ጠቅልዬ ታቅፌዋለሁ። ጣርማ በር ሳንደርስ በግ እየነዳ የሚያቋርጥ ልጅ ድንገት መንገዱ ላይ ወጣ፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። በጎቹም እረኛውም ተረፉ። የእኔ ልጅ ግን ከክንዴ ሾልኮ ፊት ለፊቴ ባለው ወንበር ብረት ግንባሩን ተመታ። እጄ ላይ የቀረው ባናው ነበር።

ልጄ ድኗል፤ ዛሬ እየሮጠ በግ ይጠብቃል። ግን ልብ በሉልኝ፣ ያ ግጭት አልነበረም። ፍሬን ብቻ ነው። የሰው ልጅ አራት ዓመት ሙሉ እንዲያ ጠብቄ አስሬ የራሴን በባና ጠቅልዬ መያዜ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ብዙዎቻችሁ «ከእናት ክንድ የበለጠ ምን አለ?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም እል ነበር። ለብዙ ነገር እውነት ነው፤ ለመኪና ግን አይሆንም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከሌላ መኪና ጋር ፊት ለፊት ቢጋጭ የሚቆመው የሰከንድ አንድ አሥረኛ በምታህል ጊዜ ውስጥ ነው። መኪናው ይቁም እንጂ በውስጡ ያለነው አንቆምም፤ በዚያው ፍጥነት ወደፊት እንሄዳለን። በዚያች ቅጽበት 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከእናቱ ክንድ ለመውጣት የሚጎትተው ጉልበት ከአንድ ኩንታል ይበልጣል። አንድ ኩንታል ገብስ ከፎቅ ቢወረወርላት በክንዷ የምትቀልብ ሴት እዚህ ካለች እጇን ታውጣ። ያውም እንደሚወረወር አስቀድማ አታውቅም፤ ምናልባት እንቅልፍ ሸለብ አድርጓታል።

በሌላ መንገድ ላስረዳ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጋጨት ከ10 ሜትር ገደል እንደ መውደቅ ነው። በ30 እንኳ ቢሆን ከ3 ሜትር ተኩል፣ ማለትም ከቤት ጣሪያ እንደ መውደቅ ነው። ልጇን ገደል አፋፍ ላይ የምታስቀምጥ እናት መንዝ ውስጥ የለችም። ገደሉን ስለምናየው እንፈራዋለን፤ የመኪናው ገደል ግን አይታይም።

ከዚህ የሚከፋው እናቲቱ ራሷ ያልታሰረች እንደሆነ ነው። ልጁ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ጋር ሲላተም እሷ ከኋላው ትመጣለች። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት በዚያች ቅጽበት ወደ ስምንት ኩንታል በሚጠጋ ኃይል ልጇን ትጫነዋለች። አንድ ቀበቶ ለእናትና ለልጅ አንድ ላይ ማሰርም ያው ነው፤ ልጁ በቀበቶውና በእናቱ ሰውነት መካከል ይጨፈለቃል። ልጅን በጀርባ አዝሎ መቀመጥም አይሆንም። አንቀልባ ለመንገድና ለሥራ እንጂ ለመኪና አልተሠራም፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ልጁን ከጀርባችሁ አውርዱት።

ይህን የማናውቀው እኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ቴነሲ በሚባለው ክፍለ ግዛት ሮበርት ሳንደርስ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ለዓመታት ወትውቶ ልጆች መኪና ላይ በመቀመጫ ይታሰሩ የሚል ሕግ አስወጣ። ሕጉ የጸናው በፈረንጆች 1978 ነው፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ታዲያ ምክር ቤቱ አንድ ቀዳዳ ተወለት፤ ሕፃኑን ትልቅ ሰው ከታቀፈው መቀመጫው ይቅር አለ። ልክ እኛ እንደምናስበው አስበው ነበር ማለት ነው። ሐኪሙ ያንን አንቀጽ «ልጅ ጨፍላቂው» ይለው ነበር። በ1981 ተሰረዘ። በ1985 ሁሉም የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። የተማሩትና መኪናው በየደጃቸው የቆመላቸው ሰዎች እንኳ የእናት ክንድ እንደማይበቃ ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ እኛ ብንዘገይ አይፈረድብንም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው ይላል፤ ከበሽታዎቹም ሁሉ ይበልጣል። የልጅ መቀመጫ በትክክል ከተሠራበት የልጆችን ሞት ቢያንስ በ60 በመቶ ይቀንሳል የሚለውም እዚያው አለ። ለክትባት ቀን ቆጥረን እንሄድ የለ?

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ፤ ሁለቱን ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ይህ ትንሹ፣ ፀሐይ የሚሞቅበት የነበረው፣ እስከ 13 ኪሎ ላለ ሕፃን ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ብርቱካናማ ወረቀት እዩት። በክብ ውስጥ «ኢ» የሚባለው የፈረንጅ ፊደል አለበት፤ የአውሮፓን የደህንነት ፈተና ማለፉን የሚያሳይ ነው፤ ኪሎውም እዚያው ተጽፏል። መኪና ላይ ሲቀመጥ የልጁ ፊት ወደ መኪናው ኋላ ይዞራል። ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አየሁ፤ ግን ምክንያት አለው። የአራስ ልጅ ራስ የቁመቱን ሩብ ያህላል፤ የእኛ ከስምንት እጅ አንድ ቢሆን ነው። አንገቱ ደግሞ ገና ለጋ ነው። ፊቱ ወደፊት ሆኖ መኪናው ቢጋጭ ሰውነቱን ማሰሪያው ይይዘዋል፤ ያ ከባድ ራስ ግን ወደፊት ተወርውሮ አንገቱን ይጎትተዋል። ወደ ኋላ ከዞረ ጀርባውንም፣ አንገቱንም፣ ራሱንም መቀመጫው አንድ ላይ ይቀበላቸዋል፤ ጉልበቱ በጀርባው ሁሉ ይከፋፈላል። ይህን ያሰበው በርቲል አልድማን የሚባል የስዊድን ተመራማሪ ነው፤ ወደ ጠፈር የሚላኩ ሰዎች በጀርባቸው ተንጋለው እንደሚቀመጡ አይቶ ነው ይባላል። አዲሱ የአውሮፓ ደንብ ቢያንስ እስከ 15 ወር ወደ ኋላ ይዙር ይላል፤ ስዊድኖች እስከ አራት ዓመት ድረስ ያቆዩታል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አደራ። ይህን መቀመጫ ኤርባግ ባለበት ጋቢና ላይ አታስቀምጡት። ኤርባጉ ሲፈነዳ የመቀመጫውን ጀርባ በኃይል ይመታዋል፤ ሕፃኑን ይገድለዋል። ቦታው የኋላ ወንበር ነው።

ስለ ማሰሪያው ደግሞ የእኛን ብርድ የሚመለከት ነገር ልንገራችሁ። እኛ ልጅን በሹራብ፣ በካፖርት፣ በባና ደራርበን ጠቅልለን ነው የምናወጣው። ያንን ሁሉ እንዳለበሳችሁት ካሰራችሁት የጠበቀ ይመስላችኋል፤ ግጭት ሲመጣ ግን ልብሱ ይታመቅና ማሰሪያው ላልቶ ይገኛል፤ ልጁ ከውስጡ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ወፍራሙን አውልቁለት፣ እሰሩት፣ ከዚያ ባናውን ከላይ አልብሱት። ማሰሪያውን ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሩ፤ የሚቆነጠጥ ትርፍ ካለ ገና ላልቷል። መቀመጫውም ራሱ በመኪናው ቀበቶ ሲታሰር ነቅንቁት፤ ከአውራ ጣት ወርድ በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ እንደገና አጥብቁት።

ፀሐይ ለምታሞቂበት እህቴ፣ ቅር አይበልሽና፣ ልጅሽ ሲነቃ ይቀመጥበት እንጂ እንቅልፍ ሲወስደው አውጥተሽ አስተኚው። ትንሽ ልጅ በተቀመጠበት ሲያንቀላፋ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል።

ይህ መጋዘን የነበረው ከ9 እስከ 18 ኪሎ ላለ ልጅ ነው፤ ፊቱ ወደፊት ነው። ጆንያ ተጭኖበት ስለከረመ ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ ስንጥቅ አላገኘሁም፣ ዘለበቱም ይሠራል። ገንፎ የሚበላበት ሦስተኛው ግን ጀርባው ተሰንጥቋል፤ ወረቀቱም ተልጧል። እሱ ገንፎውን ያብላ፤ መኪና ላይ ግን በፍጹም እንዳይወጣ።

እዚህ ላይ ለለጋሾቻችን በፍቅር አንድ ነገር ልበል። ያገለገለ ልብስ ያሞቃል፤ ያገለገለ ጫማ ያራምዳል። ያገለገለ የመኪና መቀመጫ ግን ታሪኩ ካልታወቀ አደራ የሚጣልበት አይደለም። አንድ ጊዜ የተጋጨ መኪና ላይ የነበረ ከሆነ በዓይን የማይታይ ጉዳት ሊኖርበት ይችላል፤ አምራቾቹም የአገልግሎት ዘመን ይወስኑለታል። ስትልኩልን ተጋጭቶ እንደማያውቅ፣ መቼ እንደተሠራ፣ እንዴት እንደሚታሰር ጻፉልን። ያለዚያ በዚያ ኪሎ ብርድ ልብስ ቢመጣልን ይሻለናል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የማይታለፍ እውነት አለ። መቀመጫው የሚታሰረው በመኪናው ቀበቶ ነው። ቀበቶ በሌለው መኪና ላይ ብታስቀምጡት እሱም ከነልጁ የሚወረወር ዕቃ ነው። መነሃሪያ ሄጄ ረዳቶቹን አስፈቅጄ የሚኒባሶቹን ውስጥ አይቻለሁ። ጋቢናው ቀበቶ አለው። ሾፌሩም በሕግ ስለሚገደድ ያስረዋል፤ ቢያንስ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል። ከኋላ ግን ወይ ቀበቶ የለም፣ ወይ ዘለበቱ ወንበሩ ሥር ተቀብሮ ማንም አያስታውሰውም። ባጃጅ ላይማ ማሰሪያ ቦታም የለው።

ታዲያ እነዚህ መቀመጫዎች ለማን ይሆናሉ? የኋላ ቀበቶ ያለው መኪና አልፎ አልፎ እናገኛለን። ለክርስትና ወይም ለሠርግ መኪና እንከራያለን፤ ከአዲስ አበባ ዘመድ በራሱ መኪና ይመጣል፤ የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር አራስ እናትን ከነልጇ ይዞ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ለእንዲህ ያለው ቀን ሁለቱ መቀመጫዎች በማኅበሩ ስም ይቀመጡና በፊርማ ተውሰን እንመልስ። የሠርግ ድስት እንዋዋስ የለም?

በሚኒባስ ለሚሄደው ለብዙው ቀን ግን የሚረባ ምክር እንጂ ተስፋ ልሸጥላችሁ አልችልም። ያለ ቀበቶ ልጅን ሙሉ በሙሉ የሚያድን አቀማመጥ የለም፤ የሚሻል ግን አለ። ልጅ ይዛችሁ ጋቢና አትግቡ፤ ፊት ለፊቱ መስታወት ነው። ሞተሩ ላይ በሚደረበው መቀመጫና በሩ አጠገብም አትቀመጡ። ከፊታችሁ የወንበር ጀርባ ያለበትን፣ መሀል አካባቢ ያለውን ቦታ ምረጡ። ቀበቶ ካለ ራሳችሁን እሰሩ፤ ልጁ ከቀበቶው ውጭ ይሁን። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ቀበቶውን ሆዳችሁ ላይ አታሳልፉት፤ የታችኛው ከሆድ በታች ዳሌ ላይ፣ የላይኛው በጡቶች መካከል ይለፍ። ልጁ ከፍ ካለና ብቻውን መቀመጥ ከቻለ፣ ቀበቶ ያለበት ወንበር ከተገኘ፣ ለብቻው ይታሰር፤ ማሰሪያው ሆዱ ላይ ሳይሆን ጭኑ ሥር ዝቅ ብሎ ይያዝ። የትልቅ ሰው ቀበቶ ለልጅ በልኩ አይሆንም፤ ከባዶ ግን ይሻላል።

ቦታ ምረጡ ማለት ቀላል ነው። ወንበር ገንዘብ ነው። የታቀፈ ልጅ አይከፍልም፤ ሁለት ልጅ ይዛ የምትሄድ እናት የሦስት ሰው ሂሳብ ከየት ታመጣለች? ብትከፍልስ? እኔ ከዚያ በኋላ ለልጄ ወንበር ከፍዬ ሄጄ አውቃለሁ። ረዳቱ ገንዘቡን ተቀበለ፣ መንገድ ላይ ሰው እጁን ሲያወጣ ደግሞ «እናት፣ ልጁን ታቀፊውና ጠጋ በይ» አለኝ። ከፍያለሁ ስለው ተሳፋሪው ሁሉ በእኔ ላይ ተነሣ፤ «ለጨቅላ ወንበር! ሰው ቆሞ እያየሽ!» አሉኝ። ከሁሉ የተናገሩኝ ሴቶች ነበሩ። አፍሬ ታቀፍኩት። ያን ቀን ከጎኔ አንዲት የማኅበራችን እህት ብትኖርና «ተዋት፣ ከፍላለች» ብትልልኝ አላፍርም ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምን፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ፣ ለሕክምና ልጅ ይዛ የምትጓዝ አባል ለልጁ ወንበር የምትከፍለውን ግማሽ ከችግር ጊዜ ሣጥናችን እንደግፋት፤ ገንዘብ ያዣችን ስንቱን እንደምንችል ታስላልን። ሌላው ከሾፌሮቹ ጋር መነጋገር ነው። ጠላት አይደሉም፤ ወንድሞቻችንና ልጆቻችን ናቸው፤ እነሱም ልጅ አላቸው። በየመኪናው አንድ ረድፍ ወንበር ቀበቶ ይግባለትና ልጅ ለያዘች እናት ይቅደም ብለን በሽማግሌ እንጠይቅ። ለጋሾቻችንም ከመቀመጫ ይልቅ ለዚህ ቢያግዙን ደስ ይለናል። ግን አደራ፣ ቀበቶ ልብስ መስፊያ አይደለም። ከወንበሩ ጨርቅ ወይም ከስስ ቆርቆሮ ጋር ቢያያዝ ዋጋ የለውም፤ ከመኪናው አካል ጋር በሚያውቅ መካኒክ መታሰር አለበት። ወንበሩም ራሱ ብሎኑ የላላ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይጠበቅ።

ሦስተኛው ቀላል ነው። አንዲት እናት ለልጇ ወንበር ከፍላ ስታዩ «ታቀፊው» አትበሏት።

ሁለቱን መቀመጫዎች አጥቤ ቢሮ አስቀምጣቸዋለሁ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የየልጁን ኪሎ በሚዛናችን አይተን ማን በየትኛው እንደሚቀመጥ እንጽፋለን፤ አስተሳሰሩንም እያንዳንዳችሁ በእጃችሁ ትሞክሩታላችሁ። ባናውን ከላይ ማልበስ እንዳትረሱ።